ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ፦ ፋኑ ስለዞረ ይሠራል ማለት አይደለም

የጠያቂው ጽሑፍ፦ «ደሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከ20 ዴስክቶፖቻችን የ9ኙ ፓወር ሰፕላይ ሞቷል። ለአዲስ በጀት ስለሌለ ያገለገሉ ከመርካቶ ለማምጣት አስበናል። ሻጩ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ አገናኝቶ ፋኑ ሲዞር ያሳየንና "ይኸው ይሠራል" ይለናል። ይህ በቂ ነው ወይ? 500 ዋት የሚሉት ከ240 ዋቶቹ ጋር ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ የቱ ይሻላል? ያለን መሣሪያ አንድ መልቲሜትር ብቻ ነው። የሞቱትንስ ራሳችን ከፍተን መጠገን እንችላለን?»

በቂ አይደለም። አረንጓዴውና ጥቁሩ ሲገናኙ የሚሆነው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) «ተነሣ» ብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ በእጅ መሰጠቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚያዘጋጀው ሳጥን፣ የሚሸከመው ነገር ቢኖር የራሱን ፋን ነው፤ ፋን ደግሞ ቢበዛ 2 ወይም 3 ዋት ይወስዳል። 12 ቮልቱ ወደ 8 ወርዶም ፋኑ ይዞራል፤ በዓይን አይታወቅም። የእርስዎ ዴስክቶፖች ግን ተማሪ ሥራ ሲጀምርባቸው ከ60 እስከ 120 ዋት ይጠይቃሉ። ሻጩ ያሳየዎት ባዶ አይሱዙ ሞተሩ ሲነሣ ነው፤ 40 ኩንታል ጭኖ ዳገት ይውጣ አይውጣ ገና አልታየም። የሽቦው ፈተና ጨርሶ የሞተውን ይለያል፣ ለዚህ ጥሩ ነው። የታመመውን ግን ጤነኛ አስመስሎ ያሳልፈዋል፤ ኮምፒውተሩን በየሰዓቱ የሚያጠፋውና ሃርድ ዲስክ የሚያበላሸው ደግሞ የሞተው ሳይሆን የታመመው ነው።

ስለ ዋቱ፦ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ይተዉትና ከሥሩ ያለውን ሰንጠረዥ ያንብቡ። የዘመኑ ዴስክቶፕ ኃይሉን በአብዛኛው የሚወስደው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ ነው። ስለዚህ ከ12 ቮልት ሥር የተጻፈውን አምፔር በ12 ያባዙት። ስሙ በማይታወቅ «500 ዋት» ላይ 15 አምፔር ተጽፎ ቢያገኙ 180 ዋት ማለት ነው። ከአንድ ቢሮ ዴስክቶፕ የወጣ «240 ዋት» ደግሞ 16 አምፔር ቢል 192 ዋት ነው። ትንሹ ከትልቁ በልጧል ማለት ነው። ሁለት የ12 ቮልት መስመሮች ከተጻፉ አምፔራቸውን አይደምሩ፤ የሁለቱ ጣሪያ በዋት ለብቻው ይጻፋል፣ እሱን ይያዙ። ሰንጠረዡ ጭራሽ ከሌለ ወይም 12 ቮልቱ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ካልተናገረ ዕቃውን መልሰው ያስቀምጡት።

ብዙ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል፤ ትልቅ ዋት ትንሽ ኮምፒውተርን ያቃጥላል ብሎ ይፈራል። አያቃጥልም። ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል፤ የተጻፈው ዋት ጣሪያው ነው። የሚያቃጥለው የቮልቴጅ መዛባት ነው፤ እሱ ደግሞ በ200 ዋቱም በ800 ዋቱም ይመጣል።

ወደ መርካቶ ከመሄድዎ በፊት የሞቱትን 9 ዴስክቶፖች አንድ በአንድ ከፍተው ፎቶ ያንሡ። ይህን የምለው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ተራው የአቴክስ (ATX፣ የዴስክቶፕ የተለመደ ልክ) ፓወር ሰፕላይ ለማዘርቦርዱ 24 ፒን፣ ለፕሮሰሰሩ 4 ወይም 8 ፒን መሰኪያ አለው። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት የቢሮ ዴስክቶፖች ግን አብዛኞቹ የራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ዋናው መሰኪያቸው 8 ፒን ነው፤ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 6 ፒን ነው፤ ከሌኖቮ ቲንክሴንተሮች ውስጥ 14 ፒን የሆኑ አሉ። እነዚህ ለሃርድ ዲስኩ የሚሆነውን ኃይል ማዘርቦርዱ ራሱ አዘጋጅቶ ስለሚሰጥ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ገመድ ጥቂት ነው። የሳጥኑ ቅርጽም ይለያያል፤ ቀጭኑ ዴስክቶፕ ውስጥ ያለው ሞላላ ሳጥን በተራው አይተካም። ለእነዚህ ማሽኖች ሌብሉ ላይ ያለውን የዕቃ ቁጥር ጽፈው ያንኑ ቁጥር ይፈልጉ። አዳፕተር ገመድ አለ ይሉዎታል፤ አለ፣ ግን ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል አልመክረውም። ቅርጹ የማይገባ ሳጥን ውጭ ተንጠልጥሎ ልጆች እግር ሥር ይቀመጣል። ደግሞም በእነዚህ ዓይነቶች ላይ የሽቦው ቀለም ከታወቀው ሥርዓት ጋር ላይገጥም ይችላል፤ አረንጓዴ መሰለኝ ብሎ ሽቦ ማገናኘት አይሞከርም።

ሌላው ቀድሞ የሚታይ ነገር የመግቢያው ቮልቴጅ ነው። ሌብሉ ላይ «100–240» ያለ ክፍተት ከተጻፈና ከኋላ ቀይ መቀያየሪያ ከሌለው ይውሰዱት። ቀይ መቀያየሪያ ያለው በ230 ላይ ሲሆን የሚሠራው በግምት ከ180 እስከ 265 ቮልት ነው። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም 170 በሚገባበት ሰፈር ይህ ዓይነቱ ይጠፋል ወይም ራሱን እያስነሣ ይሰቃያል፤ 100–240 የሆነው ግን ጉዳዩም አይደለም። ይባስ ብሎ ያ ቀይ ነገር በ115 ላይ ሆኖ 220 ከተሰካ ውስጡ ያሉት ሁለት 200 ቮልት የሚችሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ በርሜል መሰል ዕቃዎች) እያንዳንዳቸው 310 ቮልት ገደማ ይደርስባቸውና በጩኸት ይፈነዳሉ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ በ115 ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። መብራት ሲወርድ «ወደ 115 ብታደርገው ይበረታል» የሚል ምክር የሰሙ ካሉ ይርሱት፤ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ዕቃውን ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ያለውን መግዛት ግድ ከሆነ 230 ላይ አድርገው መቀያየሪያውን በሲሊኮን ያሽጉት፤ ተማሪ የነካው ቀይ ነገር ሁሉ መጨረሻው አያምርም።

ሱቁ ውስጥ ከመሰካትዎ በፊት እጅዎና አፍንጫዎ ይሥሩ። ተራውን ሙሉ መጠን ያለውን ሳጥን ሲያነሡት ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ 500 ዋት የሚል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፤ መብራቱን የሚያጣሩት ጥቅልሎች ቀርተው በቦታቸው ሽቦ ብቻ ተበይዷል፣ ሙቀት የሚያወጣው አሉሚኒየምም ስስ ነው። ነቅነቅ ያድርጉት፤ የሚንኳኳ ብሎን ካለ ሳይወጣ አይሰካም። በፋኑ በኩል ያሽቱት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው ይመልሱት። በፋኑ ቀዳዳ ስልክዎን አብርተው ይመልከቱ፦ የካፓሲተሮቹ አናት እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ መሆን አለበት። አብጦ ወይም ቡናማ ነገር አንጠባጥቦ ከታየ ጉዳዩ አልቋል። ዝገትና የአይጥ ሽንት ዱካም እንዲሁ። የ24 ፒኑን መሰኪያ ገልብጠው ቢጫ ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ይዩ፤ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከሆነ ያ ዕቃ ከአቅሙ በላይ ሲጋልብ ኖሯል።

የተሠራበትን ዓመትም ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ አራት አሃዝ ነው፤ 1438 ቢል እ.ኤ.አ. የ2014 38ኛ ሳምንት ነው። በነገራችን ላይ ሌብሉ ላይ 2014 ተጽፎ ሲያይ በእኛ አቆጣጠር ወስዶት «ገና አዲስ ነው» የሚል ገዢ አለ፤ ሻጩም አያርመውም። ከተሠራ ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን ካፓሲተሮቹን ለመቀየር ካላሰቡ አይግዙት።

አምራቾቹን በተመለከተ፣ በኤችፒ፣ በዴልና በሌኖቮ ዴስክቶፖች ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው ዴልታ፣ ላይትኦን፣ ኤፍኤስፒ፣ አክቤል፣ ሃይፕሮና ቺኮኒ የሠሯቸው ናቸው። መልካቸው ግራጫና ድብርት ያለበት ነው፤ መብራት የለውም፣ ቀለም የለውም። ግን የጻፉትን ዋት ይሰጣሉ።

ገመዱ ተነቃይ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ከራሱ ገመድ ጋር ካልመጣ አይንኩት። የገመዱ አንደኛ ጫፍ ማዘርቦርድ ላይ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ሳጥኑ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን እያንዳንዱ አምራች፣ አንዳንዴም የአንዱ አምራች ሁለት ሞዴሎች፣ በተለያየ መንገድ ነው የሚያገናኙት። ከሌላ የተወሰደ ገመድ ልክክ ብሎ ይገባና 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ቮልት ይልካል። ሃርድ ዲስኩ ወዲያው ይሞታል፤ በውስጡ ያለው የፈተና ውጤትም አብሮት።

አሁን ወደ ፈተናው። መልቲሜትሩ ብቻውን አይበቃዎትም፤ ሸክም ያስፈልጋል። ርካሹ ሸክም የመኪና የፍሬን መብራት አምፖል ነው፦ 12 ቮልት፣ 21 ዋት፣ አንድ ክር ያለው፣ 8 ፍሬ ከነመያዣው። መርካቶ ሱማሌ ተራ ወይም እዚያው ደሴ ካለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። «የአይሱዙ ስጠኝ» እንዳይሉ፤ እሱ 24 ቮልት ነው። የሚኒባስ ወይም የቤት መኪና ይበሉ። እያንዳንዱ አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል፤ ስድስቱ 10.5 አምፔር ማለትም 126 ዋት ናቸው፣ ይህም ከእርስዎ ዴስክቶፖች ከፍተኛ ፍላጎት ትንሽ ከፍ ይላል። እነዚሁ አምፖሎች በ5 ቮልት ሲሰኩ ደብዘዝ ብለው እያንዳንዳቸው 1 አምፔር አካባቢ ይወስዳሉ። ስለዚህ ስድስቱን ለ12 ቮልት፣ ሁለቱን ለ5 ቮልት ይመድቡ። የፊት መብራት ሃሎጅን አምፖል ለምን አይሆንም ካሉ፣ ቀዝቃዛ ክሩ ሲበራ ለቅጽበት ከመደበኛው አሥር እጥፍ ያህል ስለሚስብ ጤነኛው ፓወር ሰፕላይ ራሱ ሾርት መስሎት ይጠፋል፤ ሰውም የደህናውን ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ትንንሾቹን አንድ በአንድ መጨመር ይህን ችግር ያስቀራል። አምፖሎቹ በጣም ስለሚሞቁ ሴራሚክ ወይም ቆርቆሮ ላይ ይደርድሯቸው፤ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አይደለም።

ከመሰካቱ በፊት መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርገው ሦስት ነገር ይለኩ። አንደኛ፣ በመግቢያው መካከለኛ ፒን፣ ማለትም በኧርዙ፣ እና በብረት ሳጥኑ መካከል ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ምንም ካላነበበ አይሰካም። ሁለተኛ፣ የሳጥኑን ማብሪያ ከፍተው በሁለቱ የመብራት ፒኖች መካከል ይለኩ፤ በመቶ ሺዎች ኦም ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ዜሮ አካባቢ ከቆመ በመግቢያው በኩል ሾርት አለ። ሦስተኛ፣ ከቢጫ (የ12 ቮልቱ ሽቦ) ወደ ጥቁር (የጋራ መመለሻው)፣ ከቀይ (የ5 ቮልቱ ሽቦ) ወደ ጥቁር ይለኩ። እዚህም ዜሮ አካባቢ ከቆመ ሾርት አለ፤ ግን ድምፁን ሳይሆን ቁጥሩን ያንብቡ። የብርቱካንማው፣ የ3.3 ቮልቱ መስመር፣ ጤነኛ ሆኖም ጥቂት አሥር ኦም ሊያሳይና መልቲሜትሩ ሊጮኽ ይችላል፤ ሾርት ማለት አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰኩት በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሁን። ክር ያለውን የድሮውን ቢጫ አምፖል፣ 220 ቮልት 100 ዋት፣ በአንደኛው የመብራት ሽቦ ላይ በሲሪስ (መብራቱ በአምፖሉ በኩል አልፎ እንዲገባ) ያስገቡት። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ሲሰኩት አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ካፓሲተሩ ሞልቷል፣ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ባይኖር ፊውዙ ወይም የክፍሉ ብሬከር ይወርድ ነበር። ይህ ለመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሸክም ከመጨመርዎ በፊት አምፖሉን ያውጡት፣ አለበለዚያ 100–240 የሚለው ዓይነት ከአምፖሉ ጋር እየታገለ ሲነሣና ሲጠፋ ይቆያል።

ቀጥሎ ሐምራዊውን ሽቦ ይለኩ። ይህ መስመር ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሳያርፍ የሚሠራ እሱ ነው፣ ቀድሞ የሚያረጅም እሱ ነው። ሻጭ አይለካውም። ከጥቁር ጋር ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ሁለቱን አምፖሎች በላዩ ላይ ይስቀሉና ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ ሌብሉ ላይ ለዚህ መስመር 2 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ከተጻፈ ብቻ ነው ሁለቱንም የሚሰቅሉት፣ ያነሰ ከሆነ አንድ ይበቃል። ከ4.75 በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ በቁልፍ አይነሣም። ካለሸክምም ቢሆን ከ5.25 ካለፈ ደግሞ የባሰ ነው፤ በአንዳንድ ርካሽ አሠራሮች ላይ በዚህ በኩል ያለ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ሲደርቅ ቮልቴጁ እየወጣ ሄዶ ማዘርቦርዱን ይገድለዋል። «ፓወር ሰፕላይ ቀይሬ ማዘርቦርዱም ሞቶ አገኘሁት» የሚባለው ታሪክ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በ5.3 ላይ «ትንሽ ነው» ብሎ መደራደር የለም።

ከዚያ በቀይና በጥቁር ላይ ሁለቱን አምፖሎች፣ በቢጫና በጥቁር ላይ አንዱን አምፖል አስረው አረንጓዴውን ከጥቁር ያገናኙ። ግራጫውን ሽቦ ይለኩ፤ 5 ቮልት አካባቢ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን መርምሮ «ዝግጁ ነኝ» ብሏል። ፋኑ እየዞረ ግራጫው ዜሮ ከሆነ ማዘርቦርዱ አይነሣም፤ የሻጩ ፈተና ይህን ፈጽሞ አያይም። አሁን የ12 ቮልት አምፖሎቹን አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ ሦስቱ ከፕሮሰሰሩ 4 ፒን፣ ሦስቱ ከአራት ፒኑ የድሮ ሃርድ ዲስክ መሰኪያ ቢወስዱ ገመዱም አይጨነቅም፣ ሁለቱም የ12 ቮልት መስመሮች ይፈተናሉ። ዕቃው የሳታ (የአዲሶቹ ሃርድ ዲስኮች) መሰኪያ ብቻ ካለው ከአንዱ ከሁለት አምፖል በላይ አይስቀሉ፤ ያ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር ነው። 5 ቮልቱ ላይ አምፖል ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ የቆዩት አሠራሮች 12ቱንና 5ቱን በአንድ ላይ ነው የሚቆጣጠሩት፤ አንዱን ብቻ ሲጭኑት እሱ ይወርድና ሌላው ይወጣል፣ ጤነኛውም የታመመ ይመስላል።

የሚለኩት አምፖሎቹ ከተሰኩበት መሰኪያ ሳይሆን ምንም ካልተጫነበት ከ24 ፒኑ ጀርባ ነው፤ አለበለዚያ የሚያነቡት በገመዱ ላይ የባከነውን ጨምሮ ነው። የተፈቀደው ወሰን ለ12 ቮልት ከ11.40 እስከ 12.60፣ ለ5 ቮልት ከ4.75 እስከ 5.25፣ ለ3.3 ቮልት ከ3.14 እስከ 3.47 ነው። ሰማያዊው 12 ቮልት ኔጌቲቭ ከ10.8 እስከ 13.2 ይፈቀድለታል፤ የዘመኑ ማዘርቦርድ ብዙም ስለማይጠቀምበት እንቅልፍ አይንሳዎት። የእኔ ወሰን ግን ለ12 ቮልቱ ከዚህ ይጠብባል፦ በስድስት አምፖል ከ11.6 በታች ያነበበውን አልቀበለውም፤ ወሰኑ ውስጥ ቢሆንም ዕድሜው እያለቀ ነው። በ1ኛው፣ በ10ኛውና በ30ኛው ደቂቃ ይለኩና ይጻፉ። 11.95 ብሎ ጀምሮ በ30ኛው ደቂቃም 11.93 ያለው ደህና ነው። 11.95፣ 11.82፣ 11.66 እያለ የሚንሸራተተው በአንድ ሰዓት ውስጥ የት እንደሚደርስ ይታወቃል። ጩኸት፣ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ፣ የሚሞቅ የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወዲያው ይንቀሉት።

የመጨረሻውን ፈተና ሱቅ ውስጥ ማድረግ አይቻልም፤ ሌሊቱን ነቅለው አሳድረው ጠዋት ከነሸክሙ ማስነሣት ነው። የደረቀ ካፓሲተር ሲሞቅ ይሻለዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ በደሴ ብርድ ጠዋት ሁለት ሦስቴ ካልተሞከረ የማይነሣ ዕቃ በሁለት ወር ውስጥ ጨርሶ ይቆማል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ሲስማሙ ቢያንስ የአንድ ሳምንት መመለሻ ይያዙ፣ እሱም እርስዎም የምታውቁትን ምልክት በማርከር ያድርጉበት። አይመለስም ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይለፉት።

ይህ ሁሉ ፈተና የማያሳየው ነገር አለ። በቀጥታ መስመሩ ላይ የሚጋልበውን ፈጣን ሞገድ መልቲሜትር አያየውም፤ በ12 ቮልቱ ላይ ከ120፣ በ5 እና በ3.3 ቮልቱ ላይ ከ50 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም፣ ለመለካት ግን ኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ይጠይቃል። አማካዩ 12.0 ሆኖ ሞገዱ የበዛ ዕቃ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች ቀስ እያለ ያበስላቸዋል። ሾርት ሲፈጠር መጥፋት አለመጥፋቱንም በቤት ውስጥ አንፈትነውም፤ ሆን ብሎ ሾርት ማድረግ ደህናውን መግደል ነው። በስም የማይታወቀውን ዕቃ አምፖሉን ቢያልፍም አልመክርም የምለው ለዚህ ነው፤ ያልተለካው ነገር ላይ መተማመን የሚቻለው በአምራቹ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ስክሪን ያላቸው የፓወር ሰፕላይ መፈተሻዎችም ቢሆኑ ሸክማቸው ጥቂት ስለሆነ ግራጫውንና ቮልቴጁን በፍጥነት ከማየት አያልፉም።

አንድ ሌላ ስሕተት ልጨምር፤ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በጣም የተለመደ ነውና። ኮምፒውተሩን ሲነኩት ነዘር ካደረገ «ፓወር ሰፕላዩ ፈሷል» ተብሎ ይቀየራል። አዲሱም ይነዝራል። በመግቢያው ላይ መብራቱን የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ከሳጥኑ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው ብረቱ ላይ የግማሹ፣ ወደ 110 ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ይቀመጣል። ከረንቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ይኮረኩራል እንጂ አይገድልም፤ ግን 20 ኮምፒውተር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲደመር ጨዋታ አይደለም። መድኃኒቱ ፓወር ሰፕላይ መቀየር ሳይሆን ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ኧርዝ ማስቀበር ነው።

ስለ ጥገናው፣ የሞቱትን 9 በሁለት ይክፈሏቸው። ስም የሌላቸውን አይጠግኗቸው፤ ፋናቸውን፣ ገመዳቸውንና መሰኪያቸውን ቆርጠው ያስቀምጡ፣ የቀረው ይጣል። የታወቁ አምራቾች የሠሯቸውን መጠገን የሚያዋጣው ጉዳቱ ያበጠ ካፓሲተር ወይም የተጣበቀ ፋን ብቻ ሲሆን ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ ፊውዝ ብቻ አይቀይሩ፤ ፊውዝ ያለ ምክንያት አይሞትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ዋናው ትራንዚስተር ሾርት ሆኗል። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማሰር ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ይህን ይወቅ፦ ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት፣ 100–240 በሚለው ዓይነት ላይ ደግሞ 380 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ ጫፉን ያቀልጣል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። 220 ቮልት 60 ዋት ክር አምፖል ሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎች አስረው በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ይያዙ፣ ከዚያ በመልቲሜትር ለክተው ከ10 ቮልት በታች መሆኑን ይዩ። ይህን በእርግጠኝነት የሚሠራ ሰው ከሌለዎት ክዳኑ አይከፈት፤ ከላይ የዘረዘርኩት ፈተና ሁሉ ክዳኑ ተዘግቶ የሚሠራ ነው። ካፓሲተር ሲቀይሩ 105 ዲግሪ የተጻፈበትንና ለፓወር ሰፕላይ የተሠራውን፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከፍ ያለውን፣ መጠኑ እኩል የሆነውን ይግዙ፤ ተራው 85 ዲግሪ ከገባ በጥቂት ወራት ተመልሶ ያብጣል። ኔጌቲቩን የሚያሳየውን ነጭ መስመር ሳይነቅሉ በፊት ፎቶ ያንሡት። አቧራ በኮምፕረሰር ሲያስነፉ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት፤ በነፋሱ ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ማሽከርከሪያው ያልቃል።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምገዛው እንዲህ ነው። 24 ፒን ላላቸው ማሽኖች ከቢሮ ዴስክቶፕ የወጣ፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው አምራቾች የአንዱ የሆነ፣ 100–240 የሚል፣ በ12 ቮልት 16 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ባለ 240 እስከ 300 ዋት። «500 ዋቱን» በነፃም አልወስደው። የራሳቸው መሰኪያ ላላቸው ማሽኖች ያንኑ የዕቃ ቁጥር። ለ9 ማሽን 11 እገዛለሁ፤ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው፣ በተቻለ መጠን ሁሉም አንድ ሞዴል ቢሆኑ ገመዱም መለዋወጫውም ይመሳሰላል። ለግራፊክስ ካርድ ያሰቡት ማሽን ካለ ያገለገለውን ይተዉትና ለእሱ ብቻ አዲስ ይግዙ።

ከገጠሟቸው በኋላ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ የፈተኑበትን ቀንና በ30ኛው ደቂቃ ያነበቡትን የ12 ቮልት ቁጥር በማርከር ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ በእነዚያው ስድስት አምፖሎች ደግመው ሲለኩት ከ0.2 ቮልት በላይ የወረደውን ከመሞቱ በፊት ያወጡታል። መብራት ሲጠፋም መምህሩ ዋናውን ማከፋፈያ ይዝጋው፤ ሲመለስ 20ዎቹ በአንድ ቅጽበት እንዳይነሡ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በተራ በተራ ይክፈታቸው።